ሀንቃን ተክላ ያቆየችው ብርቅዬ

እጁ የልጄ የአብዱራህማን ነው፤ ቃሉ የእኔ የኑሪ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ደረቴ ስለደከመ ቀብሩ ላይ እሱ ያነብላችኋል። እናንተ ግን እኔን ስሙ።

የሀንቃ ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ከሆመቾ ገበያችሁን ትታችሁ የመጣችሁ፣ ከሆሳዕና ጭቃ ረግጣችሁ የደረሳችሁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እንደምን ዋላችሁ። ፈጣሪ ያጽናን።

ዛሬ የምንቀብራት ብርቅዬ ማን ነበረች? ምላሰ ስለታም ነበረች። ዝናብ በጣለ ቁጥር እንሰት የምትተክል ሴት ነበረች። ሌላስ? ሀንቃ ራሷ ነበረች።

አባቶቻችን ከተራራው ሲወርዱ ይህ ሸለቆ ጭጋግና ጅብ ነበር። ጎጆ ቀልሰው፣ እንሰት ተክለው አገር አደረጉት። ኋላ መሬቱ የፊታውራሪ ወልደኪዳን ነው ተባለ። እኛ ጭሰኛ ሆንን።

ወንዙን ታውቁታላችሁ። ባለቤቴን ረሂማን ምጥ ሲይዛት ሞልቶ ነበር። ብርቅዬ ከማዶ ሰማች። የበሬ ጭራ ይዛ ተሻገረች። ጭቃ በጭቃ ሆና ገብታ ከገዛ ቤቴ አስወጣችኝ። "ኑሪ፣ አንተ ከበሬው ጋር ቁም። እሱ የሠራው ይበልጣል" አለችኝ። ያን ቀን የተወለደው ይሄው፣ ይህን የሚጽፈው ነው። እጅህ አይቁም ልጄ፣ ጻፍ።

ከዓመታት በኋላ ፊታውራሪ በበቅሎ መጡ። ሸለቆውን ለራሳቸው እርሻ ፈልገውት ልቀቁ አሉን። እኛ ወንዶቹ ምን አደረግን? ዕቃ ማሰር ጀመርን። ቆጯችንን ከጉድጓድ አወጣን። ብርቅዬስ? ችግኝ ትተክላለች። ልቀቁ ተብለን ትተክያለሽ ወይ ብላት ቀና እንኳ አላለችም።

"የሚሄድ ይሂድ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

ፊታውራሪ ደጇ ሲደርሱ ግን እግራቸው ላይ ወደቀች። ለማንም የማታጎነብሰው ብርቅዬ። የተከልነው እስኪደርስ ብቻ ይታገሡን አለች። ሽማግሌዎችም አብረው ለመኑ። ሰውየው ከገብስ አገር ነበሩ፤ የሚተከል ነገር ሁሉ በጥቂት ወር የሚታጨድ መሰላቸው።

"ጃንሆይ ይሙት፣ የተከላችሁት ሳይደርስ አላስነሣችሁም" ብለው በሁላችን ፊት ማሉ።

እንሰት ስንት ዓመት ይፈጃል? አምስትም ስድስትም፤ ለእናንተ አይነገርም። አንዱ ሲደርስ ጎኑ ያለው ገና ለጋ ነው። ብርቅዬ በየዓመቱ ተከለች፤ እኛም እሷን አይተን ተከልን። የምንነሣበት ቀን አልመጣም። ፊታውራሪ እስኪሞቱ ተናደዱ፤ በንጉሥ ስም የማሉትን ግን አላፈረሱም።

አሁን ባለመሬቱ ልጃቸው ብሩ ነው። የአባቴን መሐላ አከብራለሁ ይላል። ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሬሳው ዘንድ ሳይገባ ጓሮዋን ዞረ። ዘንድሮ ታማ አልተከለችም፤ ያንን አየ። አዲስ ካልተተከለ፣ ያለው ሲደርስ መሐላው ያበቃል። እናንተስ ተክላችኋል? አልተከላችሁም። ብርቅዬ አለች ብላችሁ ተኛችሁ። እኔም አብሬ ተኛሁ።

እንግዲህ ከዚህ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። ችግኙ ጓሮዋ አለ። በለቅሶ ቀን መሬት አይነካም ትሉኛላችሁ። ይህን መቃብር በምን ቆፈራችሁት? ያንኑ መቆፈሪያ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ብርቅዬ፣ እህቴ። ስንት ጊዜ ሰደብሽኝ። አንዱም ውሸት አልነበረም። አንቺ በቤተ ክርስቲያንሽ፣ እኔ በመስጊዴ፤ በጓሯችን መሐል ግን አጥር አላጠርንም። ወጣቶቹ እንዳይተኙ እኔ ቆሜ እሳደባለሁ፤ ስድቡን ካንቺ ተምሬዋለሁ። ደህና ሁኚ። አሁን ዕረፊ።

በቃ፣ አብዱራህማን። እስቲ አንብብልኝ። ያለሰለስከው ቃል ካለ አውቅብሃለሁ።