ስንጥቁን ማን ይናገር?

እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ደረሰብኝና አንድ የሕፃናት ማቆያ በረንዳ ላይ ተጠለልሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ የማውቀው ድምፅ ይሰማል። በማታው የእንግሊዝኛ ክፍል የማስተምራት ሞግዚት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ትከራከራለች።

«ይኸው ባለቤቱ መጡ!» አለች እንዳየችኝ። «ይግቡ መምህር፤ የቤት ሥራዎ ከጋሼ ቱንቢ ጋር አጣልቶኛል።»

በዚያ ሳምንት ያስተማርኋቸው «ፖርቴንድ» የሚለውን ግስ ነበር፤ ዛሬ የሚታይ ነገር ነገ የሚመጣውን ቀድሞ ሲያመለክት የሚነገር ቃል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከገዛ ኑሮው አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲሠራበት አዝዤ ነበር። ሞግዚቷ አራቱን ጨርሳለች። ጥቁር ደመና ዝናብን ያመለክታል። የሕፃን ጉንጭ መቅላት ጥርስን። የሦስት ልጆች ድንገተኛ ጸጥታ የተደፋ ቀለምን። የዳይሬክተሯ ፈገግታ ተጨማሪ ሥራን።

አምስተኛውን የለመነችው ደረጃ ሊጠግኑ የመጡትን ሽማግሌ ነው። ግንበኛ ናቸው፤ ያቆሙት ግንብ ስለማይዘም፣ የግንብ ቅናት በሚለካበት ባለ ክብደት ገመድ ስም «ቱንቢ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። እሳቸውም ሳያስቡት፣ «ከላይ የሰፋ፣ ከታች የጠበበ ስንጥቅ መሠረቱ መክዳቱን ይናገራል» ብለው ነገሯት። ጻፈችው። ቀና ስትል ግን ያው ስንጥቅ ከፊቷ ግድግዳ ላይ ቁልቁል ወርዷል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐሥራ ስምንት ሕፃናት ምሳቸውን ጨርሰው በዚያ ግድግዳ ሥር ይተኛሉ።

«ይህ ግንብ ሊወድቅ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጠቡ የተነሣው በዚህ ነው።

«አታሟርቺ አልኩሽ!» አሉ ጋሼ ቱንቢ። «ግንበኛ በቆመ ግንብ ላይ ‹ይወድቃል› የሚል ቃል አያወጣም። በእኛ ጊዜ ያን ያለ ሰው ዕቃውን ይዞ ከሥራው ይሰናበት ነበር። መምህር፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝና፣ ሟርት እንግሊዝኛ ቢናገር ያው ሟርት ነው፤ ኮት ለብሶ መጣ እንጂ!»

እኔም ሳቄን ዋጥሁ። «ጋሼ፣ ለመሆኑ የተናገረ ሰው ግድግዳውን ገፋው ይባላል?»

«አፍ ክፉ ነው፣ መምህር።»

«እኔ የልጅ ግንባር ዳስሼ ‹አተኩሶታል› ብዬ ለእናቱ እነግራለሁ» አለች ሞግዚቷ። «ሟርተኛ ነኝ? ወይስ ዝም ብል ትኩሳቱ አፍሮ ይሄዳል?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ልጁን አንቺ አልሠራሽውማ!»

ይህ ካፋቸው ሲወጣ ነገሩ ገባን። ግንቡን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በእጃቸው ያቆሙት እሳቸው ነበሩ። ብዙ ጊዜ የአባቶች ልማድ እያልን የምንጠብቀው የገዛ ስማችንን ነው፤ ሰው ስለ ሥራው ሲፈራ ፍርሃቱን ሥርዓት ብሎ ይጠራዋል።

ሞግዚቷ ግን አልተቆጣችም። ከጥግ አንዲት ትንሽ ፍራሽ አወጣች፣ ከግድግዳው ሥር ዘረጋች፣ ትራሷንም አስተካከለች።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ደክሞዎታል። ዛሬ እዚህች ላይ ትንሽ ሸለብ ያድርጉልኝ።»

«ትቀልጂያለሽ?»

«ግንቡ ደኅና ነው አላሉም?»

እየሳቁ ተጋደሙ። እግራቸው ከጉልበት በታች ከፍራሹ ወጣ። ቀና ብለው አዩ፤ ከላያቸው ግድግዳው እንደጠገበ ሰው ሆዱን ነፍቷል። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ። ዐሥር እንኳ ሳልቆጥር ተነሥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት፣ ወደ በሩ ደረሱ።

«እኔ እኮ ካምና ጀምሮ አይቼዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዳላየው ብዬ በመንገዱ ወዲያ ማዶ ነበር የማልፈው።»

«ሲያልፉ ማን ቀረ ከሥሩ?»

«አትጨርሺው ልጄ። ልጆቹ ዛሬ እዚህ አይተኙም።»

ፍራሾቹን ወደ መመገቢያው ክፍል ያጓጓዝነው ሦስታችን ነን። ጋሼ ቱንቢ ጀሶ በጥብጠው በስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ለጠፉ፤ ቀኑንም በእርሳስ ጻፉበት። «ግንቡ ካልተንቀሳቀሰ ጀሶው እንዳለ ይቀመጣል» ብለው አስረዱን። «ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። እንግዲህ እኔም አንቺም ዝም እንበልና እሱ ይናገር።»

በአምስተኛው ቀን ሦስቱም ጀሶ እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰነጠቁ።

ዳይሬክተሯ ደነገጠች፤ ጋሼ ቱንቢ ግን የፈሩት ውርደት አልደረሰባቸውም። የግንቡን እግር ሲቆፍሩ የጎረቤት አሸንዳ ውሃውን ሲያፈስበት የከረመበት አፈር ጭቃ ሆኖ አገኙት። ደብቀውት የኖሩት ጥፋት የእሳቸው አልነበረም! ቅዳሜ ዕለት ጣሪያውን በእንጨት ደግፈው ግንቡን ከላይ ጀምረው ድንጋይ በድንጋይ አወረዱት። ሕፃናቱ ከግቢው ማዶ ተደርድረው፣ አንድ ድንጋይ በወረደ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር፤ ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን እያነሡ እጅ ይነሣሉ። በሦስት ሳምንት አዲሱ ግንብ ቆመ፣ አሸንዳውም ወደ ቦይ ተመለሰ።

ከዚህ ያገኘነው ጥቅም ግልጽ ነው። አደጋን ቀድሞ የተናገረ ሰው ጊዜ ይሰጠናል፤ በዚያ ጊዜ ሕፃን ከፍራሹ ይነሣል፣ ድንጋይ በሰው እጅ ይወርዳል፣ ባለሙያም ስሙን ንጹሕ አድርጎ ያስቀራል። ምልክት አይቶ ዝም ያለ ግን ያን ጊዜ ከሁሉም ይነጥቃል።

ባለፈው ሰኞ ጋሼ ቱንቢን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በዕድሜያቸው የሠሯቸውን ቤቶች አድራሻ በወረቀት ይዘው በር ያንኳኳሉ። አንዲት ሴት ከፈተች።

«ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጉድለቱን ልፈልግ መጣሁ» አሏት።

«ምነው አባባ፣ በጠዋቱ አያሟርቱብን!»

ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። «ልክ ነሽ፣ እኔም እንደዚሁ ስል ነው የኖርኩት። እስቲ አስገቢኝ፤ ምንም ካላገኘሁ አብረን ደስ ይለናል፣ ካገኘሁም ሰዓቱ ገና ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታች። ከዚያም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው።