ጂፒኤስ ያለው ይሁን የሌለው?

እኔን ያበገነኝ ሰዓቱ አይደለም፤ ሰዉ ነው። የሩጫ ክለብ ሯጮችን ሊመርጥ ስለነበር የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስፈለገኝ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ከሱቅ ደወለልኝ። «ጂፒኤስ ያለው ይሁን የሌለው? ያለው የት የት እንደሮጥክ ይመዘግብልሃል። ዛሬውኑ ወስን፣ ነገ የሚያመጣልህ ሰው አግኝቻለሁ።» እየሮጥኩ ላስብበት ብዬ ከቀዬው ወጣሁ።

ገና ላብ ላብ ሲለኝ ጎረቤታችን ጋሼ ደምሴ በሬዎቻቸውን እርሻ መሃል አቁመው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ እኔ ሮጡ። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ኧረ ማንም አልሞተም ጋሼ፣ ልምምድ ነው።» «ታዲያ ሌባ በግ ነዳ እንዴ?» እኛ አገር ትልቅ ሰው በባዶ ሜዳ አይሮጥማ! ሳልቆም ባልፋቸው ደግሞ ነውር ነው። ቆሜ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ ተጠያየቅን፤ ላቤ ደረቀ፣ ብርዱ አንቀጠቀጠኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ደግሞ ገበያተኞች ያንኑ ጥያቄ ይዘው ከበቡኝ። በግኜ ተመለስኩ።

እናቴ ስልኳን እንደያዘች በር ላይ ጠበቀችኝ። «ድልድዩ ጋ ደርሰህ ምን አስመለሰህ? ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ አነከሰ አሉኝ። ገበያተኞቹንስ ምነው ፊት ነሳሃቸው?» ጫማዬን እንኳ ሳልፈታ፣ እዚያው እንደቆምኩ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት።

«የሌለውን ግዛልኝ!»

«ምነው? ጂፒኤሱ ይጠቅምሃል እኮ።»

«ጂፒኤሱማ እናቴ ጋ አለ!»