የተባረከው ገልባጭ

«እንዴት ዋልክ ወንድሜ? ኧረ አትነሣ፣ እዚያው ሥር ሆነህ ስማኝ። ፍሬኗ ይጮሃል፣ ሸራው አልቆ እንደሆነ እይልኝ... ሙቀቱስ አይገርምም? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

ዳቦ አከፋፋይዋ ይህን የምትለው ከመኪናዋ ሥር እግሩ ብቻ ለሚታየው መካኒክ ነው። ዐይኗ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ጋራዡ በር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር የሰፈሩ የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋዜጣ ዘርግተው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ገልባጭ መኪናቸው የግቢውን ግማሽ ይዞ ቆሟል። ነገ ጠዋት የዘንድሮው የመኪና ግብር በስብሰባ ይጸድቃል፤ ሴትዮዋም በዚሁ ሐሳብ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

«የነገውን ስብሰባ ሰማህ አይደል? እኔ በበኩሌ ኮሚቴያችንን አመሰግናለሁ። አምና በክብደት ነበር የሚያስከፍሉን፤ የከበደ ብዙ፣ የቀለለ ትንሽ። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ዘንድሮ ከኮሚቴው አንድ አስተዋይ ሰው ተነሡና ‹መንገድ የሚያልቀው በመመላለስ ነው፤ ብዙ የነዳ ብዙ ይክፈል› አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ... ሞኝ እጅ አለኝ።

መፍቻውን ጣልከው? ቀስ በል እንጂ።

ታዲያ ትናንት የሁላችንም የኪሎ ሜትር ንባብ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የእኔዋ ጉድ ከላይ! ከሰፈሩ መኪና ሁሉ አንደኛ! ለካ ከሱቅ ሱቅ ዳቦ ሳደርስ ስንቱን አገር አዳርሼዋለሁ። ከታች ደግሞ አንድ ገልባጭ አለ... ስም አልተጻፈም፣ ታርጋ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? አምና የነበረበት ቁጥር፣ ዘንድሮም እዚያው። አንዲት ኪሎ ሜትር እንኳን አልጨመረም! አንዲት! የተባረከ አይደል? በየማለዳው አሸዋ ጭኖ መስኮቴን እያንቀጠቀጠ የሚያልፈው እንግዲህ ሌላ መሆኑ ነው። ወይስ መላእክት ተሸክመውት ነው የሚያልፉት? ባለቤቱማ ምን ያህል ጨዋ ቢሆኑ ነው... መንገዳችን እንዳይጎዳ ብለው መሬት እንኳን አያስነኩትም እኮ! ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድስ? እሱን የቆፈረው የእኔ ዳቦ ይሆናላ።»

የመካኒኩ እግሮች በሳቅ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሰብሳቢው ያችን አንዲት ገጽ ማንበብ ከጀመሩ ሩብ ሰዓት አልፏቸዋል፤ ምን የሚያህል ወሬ ቢጻፍባት ነው ያሰኛል።

«ሳቅክ? እኔ አልቀለድኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ነገ እንዲሁ ከጸደቀ ይቺን መኪና ሸጬ ቅርጫቱን በራሴ ተሸክሜ ነው የምዞረው። ደግነቱ እግሬ ላይ ቆጣሪ አልተገጠመም።

አንድ ነገር ልጠይቅህማ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ቆጣሪ የሚቆመው ከሥሩ ያለችው ገመድ ስትነቀል ነው አሉ፣ እውነት ነው? ግን በራሷ ትነቀላለች ወይስ... ተወው፣ አትመልስልኝ፣ ደንበኛ ታጣለህ። ለማንኛውም እኔ አንዷን አዲስ ገመድ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ነገ ስብሰባው መሐል ብድግ ብዬ ‹ይህቺ የጎደለችው ማን ነው?› እላለሁ። ለበጎ ሥራ ነው፣ በነጻ ነው የምሰጠው! እኚያ አስተዋይ ሰው ቀድመውኝ ተነሥተው ‹ክብደትም ይታይ› ካሉ ደግሞ... እኔ ምን አስለፈለፈኝ? ገመዷ ቦርሳዬ ውስጥ ትቀራለች።»

ቦርሳዋን ዘጋችና ወደ ወንበሩ ዞረች። ሰውየውን ገና አሁን ያየች መስላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ውይ ጋሼ! እዚህ ነበሩ እንዴ? አላየሁዎትም እኮ፣ ጋዜጣው ጋርዶብኝ። አንድ ትልቅ ሰው እያነሣን ነበር፤ እርስዎ አያውቋቸውም። ለሰፈሩ ሌት ተቀን የሚለፉ ናቸው፣ እስቲ አብረን እንመርቃቸው። እግዚአብሔር ለእኛ የለፉትን ልፋት ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል፣ በዚያው በራሳቸው ቆጣሪ ቆጥሮ ይክፈላቸው!... ጋሼ፣ አሜን አይሉም እንዴ?»