ሳይሰማ የተፈረደበት ሰይፈኛ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ ሀምዱ ከቢልቂስ ጎን የተቀመጡት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። እሷ በልጅነቷ ደሴ ጌም ቤታቸው ስትጫወት ያደገች፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ኮምፒዩተር የምታስተምር ናት። እሳቸው ሃያ ዓመት ጌም ቤት የያዙ፣ በሰፈሩም የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሽ ሀምዱ፤ ደህና ነዎት?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፤ አልሐምዱሊላህ። ብቻ አንቺም ያን አዲሱን እያወደስሽ እንዳትመጪብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። «አመድ ሰይፍ» የሚባለው የድብድብ ጌም አምስት ክፍል ከወጣለት በኋላ፣ ዘንድሮ ከሥሩ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ። የደሴና የኮምቦልቻ ተጫዋቾች በዚሁ ተኳርፈው በየዒዱ የሚያደርጉትን ግጥሚያ ሊያስቀሩት ደረሱ። በድሮው ይሁን በአዲሱ የሚለውን ቁርጥ ለሀምዱ ተዉላቸው፤ ቀኑም ዛሬ ከሰዓት ነው። እሳቸው ግን በልባቸው ከፈረዱ ሰንብተዋል።

«ምኑን ጠሉት?» አለች ቢልቂስ።

ሀምዱ በጎን አዩዋት። አዲሱን የሚደግፉት የኮምቦልቻዎቹ ናቸው፤ ልከዋት ይሆን?

«ምኑን ልውደደው? ያን ጢማም ዝምተኛ ሰይፈኛ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ አድርገው አመጡት። ስሙን ብቻ ወስደው ሌላ ሰው! ማታለል ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

«ለፍላፊነቱ እኔንም ሰልችቶኛል። ግን ምን ያህል ተጫወቱት?»

«አይቸዋለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባልና ሚስት ተጣልተው ሲመጡ የአንዱን ብቻ ሰምተው ፈርደው ያውቃሉ?»

«ወላሂ አላውቅም! አንዱ ከቀረ ሌላ ቀን ቀጥረን እንበተናለን።»

«ታዲያ ይሄ ጌም ምን በደለ? የእሱ ቃል የሚሰማው ጆይስቲክ ተይዞ ነው።»

ሀምዱ ወደ ሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ዞር አሉ። የምንወደውን ሲነኩብን መርምረን የተቃወምን ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ደንግጠን ነው። ጋሽ ሀምዱም የደነገጡበት ነገር ነበራቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የጌሙ የመጀመሪያው በር ላይ አራት ጊዜ ሞትሁ። የለመድሁትን ቁልፍ ስጫን እሱ ሌላ ይሠራል። ያስተማርኋቸው ልጆች ፊት ጀማሪ ልሁን?»

«አብሽሩ ጋሽ ሀምዱ። ጀማሪ መሆን ነውር አይደለም። ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው ብለው ያሳደጉን ግን እርስዎ ነዎት።»

ደሴ እንደደረሱ በቀጥታ ጌም ቤት ገቡ። ሀምዱ አዲሱ ጌም የሚያታልልበትን ለማግኘት አፍጥጠው መጫወት ጀመሩ። ስድስት ጊዜ ሞቱ። በሰባተኛው ግን የጠላትን እጅ አይተው፣ ታግሠው፣ በሰዓቱ ሰነዘሩና በሩ ተከፈተ። አንድ ቁልፍ እየደጋገመ ለሚቀጠቅጥ የማይበገር ጌም ነበር። በዚያው አንድ ነገር ገባቸውና ፊታቸው ቀላ።

ከሰዓት ሁሉም ሲሰበሰብ ሀምዱ ተነሡ።

«የማይረባ ነው ያልኋችሁ በቅጡ ሳልጫወተው ነው፤ አፉ በሉኝ። ታሪኩ ዛሬም አይጥመኝም፤ ሰይፈኛውም ለፍላፊ ነው። ድብድቡ ግን ከድሮው ይበልጣል። በድሮው አንዷን ቁልፍ የቀጠቀጠ ያሸንፍ ነበር። እኔም ሃያ ዓመት ያሸነፍኋችሁ እንዲያ ነው። ግጥሚያው በአዲሱ ይሁን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ጌም ቤት ሦስት በር ያላለፈ ሰው ስለ ጌሙ ክፉም ደግም አይናገርም። ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ የነቀፈም ምኑን እንደነቀፈ ለይቶ መናገር ለመደ፤ የተኳረፉትም በዒድ ተገናኙ።

በግጥሚያው ሳፊያ የምትባል ከደጋን ከተማ የመጣች ልጅ ጋሽ ሀምዱን በሦስት ደቂቃ ጣለቻቸው። ተመልካቹ የሚሉትን ሲጠብቅ፣ እሳቸው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

«ያችን የመጨረሻዋን እንዴት አደረግሻት? እስቲ ቀስ ብለሽ አሳዪኝ» አሏት።