መቶ ሃያ በሰማንያ

(ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ የአንድ የኪራይ ግቢ በረንዳ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ፤ ነርሲንግ መማር ከጀመረች ሦስተኛ ወሯን የያዘችው ጎረቤታቸው ፋናዬ ቦርሳዋን አንግታ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ከፊታቸው ቆማለች።)

ፋናዬ፦ አራት ፊርማ ብቻ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ። የላጡት ድንች ሳይጠቁር ያልቃል።

ደብሪቱ፦ ድንቹ ይጥቆር። አልፈርምም ብያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሦስተኛሽ ነው።

ፋናዬ፦ ምን አለበት? ስምዎን ነው የሚጽፉት፤ ርስትዎን አልወስድብዎ።

ደብሪቱ፦ እስቲ የምፈርምበትን አንብቢልኝ። መነጽሬ ቤት ነው።

ፋናዬ፦ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው።

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ። ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።

ፋናዬ፦ «የቤት ለቤት ጉብኝት። አንደኛ ሳምንት፣ የደም ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ። ሁለተኛ ሳምንት፣ መቶ ሃያ በሰማንያ።»

ደብሪቱ፦ ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ ልንገርሽ? መቶ ሃያ በሰማንያ። የኔ ደም እንዴት ያለ ጨዋ ነው እባክሽ። ወጣ አይል፣ ወረድ አይል። የዚህ ግቢ የቧንቧ ውኃ እንዲህ ቢሆንልን ምን ነበር።

ፋናዬ፦ ያሹፉ። ሲስተር አስካለ ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ትሰበስባለች። ፊርማ ከሌለው ዜሮ ነው። ሳልለካ መሙላቴን ካወቀች ደግሞ ዜሮም አይደለም፤ ከኮሌጁ መባረር ነው።

ደብሪቱ፦ ትናንት ከሰዓት እዚህ ነበረች፣ መምህርሽ።

ፋናዬ፦ እሱን ሰምቼ አይደል የመጣሁት። እኔ ሆስፒታል ቆሜ እርስዎ ምን ብለው ነገሯት?

ደብሪቱ፦ ደህና ሴት ናት። በርጩማ ሰጠኋት፣ አረፍ አለች። ተማሪዬ በየሳምንቱ ትለካዎታለች ወይ አለችኝ። እኔም ስምሽ እንዲጠራልኝ ብዬ፣ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም አልኳት። በየትኛው ክንድዎ ስትለኝ በአንጓዬ ነዋ አልኩ፤ እንዲህ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች። የምትጽፍበት እጇ ቆመ።

ፋናዬ፦ በአንጓ የሚቆጠረው የልብ ምት ነው። ግፊት የሚለካው ክንድ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ በአየር ተነፍቶ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?

ደብሪቱ፦ ጤና ጣቢያ እንደዚያ ነው የለኩኝ። ያ የጤና ጣቢያ ነው፣ ያንቺ የኮሌጅ ነው፤ ትምህርቱ ተሻሽሎ በእጅ ብቻ ሆኗል ብዬ ኮራሁብሽ። ለአራት ሰው አውርቻለሁ።

ፋናዬ፦ እንግዲህ ደግማ ከመጣች ተሳስቼ ነው ይበሏት። ግራ ክንዴን ነው ይበሏት።

ደብሪቱ፦ ቀኙን ብልስ?

ፋናዬ፦ ግራ ነው የሚለካው፣ እትዬ።

ደብሪቱ፦ አየሽ፣ ለውሸቱ ሲሆን ትምህርቱ ገብቶሻል።

ፋናዬ፦ ድንች እየላጡ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አስራ አንድ ሰዓት ክፍል ነኝ። ሁለት መቶ ስድስት አጥንት በእንግሊዝኛ ሸምድጂ ተብያለሁ፤ አንድ እጅ ላይ ብቻ ሃያ ሰባት አሉ። የመድኃኒት ስሌት አለ፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ሲስተር «በሽተኛሽ ሞቷል» ብላ በቀይ ትጽፍብኛለች። በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆሜ እውላለሁ። አልጋ ማንጠፍ ብቻ አስራ ስምንት ጊዜ አስደግማኛለች።

ደብሪቱ፦ አልጋ ማንጠፍ ከሆነማ እኔም አስተምርሽ ነበር። ኮሌጅ ድረስ ምን አስኬደሽ?

ፋናዬ፦ የበሽተኛ አልጋ በሽተኛው ተኝቶበት ነው የሚነጠፈው። እሱን ሳያምመው፣ አንሶላው ሳይጨማደድ። ያን ሁሉ ውዬ ስወጣ ደግሞ አምስት ቤት ዙሪ፣ ግፊት ለኪ ይሉኛል። መለኪያው ለአምስት ተማሪ አንድ ነው፤ የኔ ተራ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጋወን ይታጠባል፣ ለሰኞ ፈተና ይጠናል። አንዱን ቅዳሜ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።

ደብሪቱ፦ ያን ዕለት ጋወንሽን ማን አጥቦ እንዳሰጣው ጠይቀሻል?

ፋናዬ፦ እርስዎ ነበሩ?

ደብሪቱ፦ መልአክ ወርዶ ያጠበልሽ መስሎሽ ነበር? አንገቱ ላይ የነበረው እድፍ አሁንም ከጥፍሬ አልወጣም። ሬዲዮኔስ? እሷ እያጠናች ነው ብዬ ከዘጋሁት ሁለት ወሬ ነው። ዜና የምሰማው የሰው አጥር ተጠግቼ ነው፤ ሌባ ሆኜ ልያዝልሽ ምንም አልቀረኝም።

ፋናዬ፦ ውለታ ቆጠራ ከተጀመረ የከበደዎትን እኔ ልንገርዎት። ዳቦ ሻጭ የነበረች፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ፣ እንዴት ተብሎ ነርስ ትሆናለች ነው። ከጀመርኩ ጀምሮ «ዶክተር ገባች፣ ዶክተር ወጣች» እያሉ ግቢውን ሲያስቁብኝ ነው የከረሙት። ስድስተኛ ላይ የቀረ ሰው፣ ሌላው ሲማር ያመዋል።

ደብሪቱ፦ ልጣጩን ወደዚህ ግፊልኝ፤ እግርሽ ስር ነው።

ፋናዬ፦ ይኸው።

ደብሪቱ፦ ስድስተኛ ክፍል መቁጠር አስተምሮኛል። አራት ጊዜ መጣሁ ብለሽ ጽፈሻል፤ እኔ የቆጠርኩት አንድ ነው። እሱንም ቦርሳሽን ከትከሻሽ ሳታወርጂ።

ፋናዬ፦ አፌ አምልጦኝ ነው።

ደብሪቱ፦ አፍ አያመልጥም፤ ሆድ ያቀበለውን ነው የሚያወጣው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። አንቺ ገና ሳይሉሽ ነው ያጠብሽው።

ፋናዬ፦ እሺ፣ ማንን ጎዳሁ? ጤነኛ ሰው ላይ ጤነኛ ብዬ ጻፍኩ። ድምፅዎ ሦስት ግቢ ይሰማል። ግማሽ ኩንታል ድንች ተሸክመው ከገበያ ይመለሳሉ። ምን ሆኑ ልበልዎት?

ደብሪቱ፦ ያን የመጣሽ ዕለት የተውሽልኝ ካርድ ይኸው፣ ከትሪው ስር። ቁም ሣጥኑ መስተዋት ላይ ሰክቼው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አሳይበታለሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ አንብቢው።

ፋናዬ፦ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ደብሪቱ፦ መልሱ?

ፋናዬ፦ «የለም።»

ደብሪቱ፦ ማነው የለም ያለሽ?

ፋናዬ፦ አምስቱም ቤት ላይ የለም ብዬ ነው የሞላሁት። አብዛኛው ሰው የለውም።

ደብሪቱ፦ እኔ ነበረኝ። ጤና ጣቢያ ግፊት አለብሽ ብለው ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ እውጥ ነበር።

ፋናዬ፦ ነበር ማለት?

ደብሪቱ፦ ካርዱን ሰጥተሽኝ ስትወጪ፣ እንዴት ነኝ ብዬ ጠየቅኩሽ። ዞር እንኳ ሳትይ «ምንም የለብዎትም፣ እንደ ኮረዳ ነዎት» አልሽኝ። የተማረች ምንም የለብሽም ካለችኝማ ምን አስዋጠኝ አልኩና ተውኩት። ወር ሊሞላኝ ነው።

ፋናዬ፦ ወር ሙሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም? ለምን አልነገሩኝም?

ደብሪቱ፦ ጠይቀሽኝ ነበር?

ፋናዬ፦ ራስዎን ያምዎታል?

ደብሪቱ፦ አሁን ገና ነርስ መሰልሽ። ያመኛል። ማለዳ ስነሳ ከማጅራቴ ይጀምራል። የሸክሙ ነው ብዬ ነበር።

ፋናዬ፦ ቢላዋውን ያስቀምጡ። በርጩማውን ወደ ግድግዳው ይሳቡና ጀርባዎን ያስደግፉ። እግርዎን አያጣምሩ። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ዛሬ ተራዬ ነው።

ደብሪቱ፦ ቦርሳሽ ውስጥ? ከጠዋት ጀምሮ በእስክሪብቶ ስታሳድጂኝ፣ መለኪያው ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር?

ፋናዬ፦ አምስት ደቂቃ ዝም ይበሉ። ሰው ሲያወራና ሲቆጣ ቁጥሩ ይጨምራል።

ደብሪቱ፦ አፌን የምትዘጊበት መሣሪያ አገኘሽ።

ፋናዬ፦ ዝም።

ደብሪቱ፦ ሞላ?

ፋናዬ፦ ሁለት ደቂቃ ነው።

ደብሪቱ፦ አምስት ደቂቃ እንዲህ ረጅም ነው? ያኔ የለካሽኝ ግማሹንም አይሞላ።

ፋናዬ፦ ካወሩ ከመጀመሪያው እቆጥራለሁ።

ደብሪቱ፦ እሺ።

ፋናዬ፦ አሁን ልነፋው ነው። ጠበቅ ያደርግዎታል፤ ክንድዎን ይልቀቁት።

ደብሪቱ፦ ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነበር። ስንት ሆነ? ፋናዬ፣ ስንት ሆነ?

ፋናዬ፦ በሌላኛው ክንድ ልድገመው።

ደብሪቱ፦ ፊትሽ ነገረኝ። አፍሽ ይጨምርበት።

ፋናዬ፦ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ። መቶ ዘጠና ሁለት በመቶ አስራ ስምንት። የሁለቱም ክንድ ያው ነው።

ደብሪቱ፦ ከመቶ ሃያ ይበልጣል መሰለኝ። በስድስተኛ ክፍል ሒሳብ።

ፋናዬ፦ አይቀልዱ።

ደብሪቱ፦ ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስልሽ? ሰው አየኝ ብዬ ተዘናግቼ ነው የከረምኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንቺ ያፈሰስሽው እህል አይደለም፣ እኔን ነው።

ፋናዬ፦ አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ አታውቂም። ሰባት ዓመት ዳቦ ቤት ቆመሽ ስትሸጪልኝ አንድ ቀን ጥሬ ዳቦ ሰጥተሽኝ አታውቂም። «ይሄ አልበሰለም፣ የሚቀጥለውን ይጠብቁ» ትዪኝ ነበር፤ ሰልፉ እየጮኸብሽ። እኔ ያመንኩት ያቺን ነው። ጋወኑንማ እኔው አይደለሁ የማጥበው።

ፋናዬ፦ ለባጃጅ እደውላለሁ። ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ አሁኑኑ። ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ይንገሩኝ።

ደብሪቱ፦ ድንቹን እንዲሁ ትቼ?

ፋናዬ፦ ድንቹ ይጥቆር። ሃሎ? አዎ፣ በጓሮው በር በኩል። ቶሎ በል፣ በሽተኛ አለ።

ደብሪቱ፦ በሽተኛ አለ አለች። ስሚ፣ እስክሪብቶውን አምጪው።

ፋናዬ፦ ለምን?

ደብሪቱ፦ ልፈርምልሽ። ግራ ክንዴን ነው እላታለሁ ለመምህርሽ፣ እምልላታለሁም። የተናደድኩትን ተናድጃለሁ፤ ትምህርትሽ በኔ አፍ እንዲፈርስ ግን አልፈልግም።

ፋናዬ፦ አይፈርሙም።

ደብሪቱ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስትለምኚኝ የነበረው ይሄን አይደለም?

ፋናዬ፦ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ይሄን ካርድ ያዩታል። መድኃኒት የላትም ይላል፤ ግፊቷ ደህና ነው ይላል። በኔ ውሸት ላይ ቆመው ሊያክሙዎት ነው? ይኸው፣ ካርዱ ላይ ያለውን ሰረዝኩት። ደብተሩ ላይ ያሉትን አራት መስመሮችም።

ደብሪቱ፦ ሰረዝሽው? ሲስተር አስካለስ? ሰኞ ታባርርሻለች እኮ፣ ልጄ።

ፋናዬ፦ ሰኞ ሳይደርስ እኔው ሄጄ እነግራታለሁ። የቀሩትን አራት ቤቶች ደግሞ እርስዎን አድርሼ ስመለስ እለካቸዋለሁ። ባጃጁ እስኪመጣ አዲሱን መስመር እንሙላ። ጥያቄ ሦስት፦ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?