ጎጆን ወደ አምቦ ያቀረበው ጎማ

አከም ጅርታ መንበረ፣ ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል። ጆንያው ላይ ተቀመጪ፣ ድንች ነው፣ አይጎረብጥሽም... እሺ፣ ትንሽ ይጎረብጣል። እጄ አፈር ስለሆነ አልስምሽም፤ ለዘር የሚሆነውን ከሚቀቀለው እየለየሁ ነው። የዘንድሮን ዝናብ ምን ትይዋለሽ? አገራችን ጎጆ ላይማ በረዶ ጥሎ ገብሱን አስተኝቶታል አሉ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች አይደል? እሰይ። በእናቷ ወጥታ ነው። ባለቤትሽስ? ... ደህና ይሁን፣ ደህና ይሁን። የእሱን ነገር ዛሬ አናነሳም፤ ለእሱ ያለኝን አክብሮት አንቺም ታውቂዋለሽ።

እሁድ የእድራችን ምርጫ ነው አይደል? ለምርጫው ብለሽ መጣሽ አላልኩም እኮ። ናፍቄሽ ነው። አባዬ ከተቀበረ ወዲህ ደጄን ረግጠሽ አታውቂም፣ ግን ሰው አንዳንዴ ምርጫ ሲደርስ ይናፍቃል፣ ምን ነውር አለው? እንግዲህ ከመጣሽ አይቀር፣ ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ። አታውቂያቸውም። የእድራችን ንብረት ያዥ ናቸው፤ እሁድ ደግሞ ለዳኝነት ይወዳደራሉ። የእድሩ መኪና ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው። በመልክ እንኳ ሳትለያቸው አትቀሪም፤ መኪናው አንቺ አጥር ጥግ ነው መሰለኝ የሚያድር።

እኛ የጎጆ ልጆች መቼም ነገራችን ሌላ ነው። አምቦ ነግደን፣ አምቦ ወልደን፣ አምቦ አርጅተን፣ ለመቀበር ሲሆን ጎጆ ካልሄድን ሞት ሞት አይመስለንም። ሌላው እድር ድንኳንና ድስት ሲገዛ እኛ ተሟሙተን ፒካፕ የገዛነው ለምን ሆነና? በክፉ ቀን ሬሳ እንዲያደርስ፣ በደህናው ቀን በሽተኛ እንዲያመላልስ ነው። ያኔ ጎማው ተራ ጎማ ነበር። ጭቃ ይዞት ወርደን የገፋንበት ቀን አለ፣ አልዋሽም። ግን ገፍተንም ቢሆን ደርሶ ይመለስ ነበር። አንድ ጀሪካን ናፍጣ ደግሞ ለሞት ተብላ ትቀመጥ ነበር። ናፍጣ ከከተማው ጠፍቶ ሾፌሩ ሁሉ ማደያ በር ላይ ተኮልኩሎ ሲውል እንኳ የሞት ጀሪካን አትነካም። እንዲህ ያለ ሕግ ነበረን፣ ኋላ ቀር ስለነበርን።

እሳቸው ግን አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው። መኪናው ላይ ሆነው ደግሞ የበለጠ አርቀው ያያሉ፣ ከፍ ብለዋላ። ያንን ቀጭን ጎማ አይተው አዘኑ። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ጥርስ ያወጣ ጎማ አመጡና ጎሚስታው ጋ ወሰዱት። አልገባ አለ። ታዲያ ሌላ ሰው ቢሆን ጎማው አይሆንም ብሎ ይመልሰው ነበር፤ እሳቸው ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በግራይንደር አስቆረጡት። ቆራጥ ሰው ናቸው አልኩሽ እኮ። መሪው እስከ ጥጉ ሲጠመዘዝ አሁንም ይፋቃል፣ ግን እሳቸው ብዙ አይጠመዘዙም።

ስብሰባ ላይም ተነስተው አስረዱን። እንደሳቸው የሚያስረዳ ሰው አይቼ አላውቅም። «ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይበላል፤ ዙር ከቀነሰ ናፍጣም ይቀንሳል» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥለው ጎጆ ደርሰው መጡና የኪሎሜትር ቆጣሪውን አሳዩን። ይገርምሻል፣ መንገዱ አጥሯል። በፊት ከሚቆጥረው በብዙ ያነሰ ነው የቆጠረው። ስንቱ ሹም መጥቶ ሄዷል፣ ጎጆን አንዲት ክንድ ያስጠጋልን አለ? መንገድ ሥራ ያልቻለውን፣ ግሬደር ያልቻለውን፣ እሳቸው በአራት ጎማ አስጠጓት። እኔ እንኳ ሳልነቅል ሳልተክል የጎጆ ጎረቤት ሆንኩ።

አንድ ክፉ ሰው ግን ምን አለ መሰለሽ? ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፣ ወርዶ መንገዱን አይለካም አለ። ዙሩ ሲያንስ ቁጥሩ አነሰ እንጂ ዳገቱ እዚያው ቁጭ ብሏል አለ። ይኸ ከባድ ጎማ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የወጣበትን ዛሬ በአንደኛ ነው እያጓራ የሚወጣው፣ ናፍጣውንም እንደ ጠላ ነው የሚጠጣው አለ። ምቀኛ ነው። ማን ነው ብትይኝ... እኔ ነኝ። ግን የኔን ወሬ ተይው፣ ማን ሰምቶኝ ያውቃል? እሳቸውም መልሱን አላጡትም። መኪናው አልጠጣም፣ ማደያው ናፍጣውን በውሃ በርዞት ነው አሉ። ቀጥሎ ሾፌሩ እግሩ ከባድ ነው አሉ። ሾፌሩ እኮ ራሳቸው ናቸው። ራሳቸውን እንዲህ የሚገስጹ ሰው ስንት አሉ?

ደግሞ ቸርነታቸው! መኪናው ሬሳ ብቻ እየጫነ እንዳይከፋው ሰርግ ያስውሉታል። አጃቢ ሆኖ በአበባ አጊጦ ሲያልፍ አላየሽም? ጌዶ ገበያም ይወርዳል፣ በሬ ጭኖ ይመለሳል። ወንጪም ተዝናንቶ መጥቷል። ለዚህ ሁሉ ናፍጣ ከየት ይመጣል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ የሞት ጀሪካንን ማን ጠይቋት ያውቃል? አንዲት ሴትም ከጎናቸው ትቀመጣለች። መኪናው ከፍ ስላለ በርጩማ ይዛ ነው የምትወጣው፤ መጀመሪያ በርጩማው ላይ፣ ቀጥሎ መኪናው ላይ፣ ከዚያ በርጩማውን በገመድ ወደ ላይ። ፊቷን አላየሁም። ነጠላዋ ግን ይሄን ያንቺን ይመስላል... ገበያ ላይ መቼም አንድ ዓይነት ነጠላ ነው የሚሸጠው። ምነው፣ ጎረበጠሽ? ወዲህ ጠጋ በይ፣ እዚህ ጋ ያለው ድንች ደቃቅ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አባዬ ሞተ። ኦቦ ባይሳን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ለቅሶ ላይ ነበርሽ። ቀኑን ሙሉ አልነበርሽም፣ ግን ነበርሽ። ሬሳ ሳጥኑን መኪናው ላይ ለማውጣት ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ፣ አልደረሰም። ወገባቸው የተሰበረ አዛውንቶች ናቸው፣ በድሮው ከፍታ እንኳ እያቃሰቱ ነው የሚያወጡት። ጠረጴዛ ከቤት አስወጣንና አባዬን መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀጥሎ መኪናው ላይ አደረግነው። እንግዲህ ሁሉም በየበርጩማው ነው የሚወጣው። እሳቸውም ሳጥኑን ቀና ብለው አይተው «አባታችሁ በክብር ነው የሚሄዱት፣ ከሰው ሁሉ በላይ» አሉ። እውነት ነው። ከሰው ሁሉ በላይ ነበር።

ናፍጣውንም ራሳቸው ለክተው ነው የቀዱት። ለየትኛዋ ጎጆ ለክተው መሰለሽ? ለአዲሷ፣ ለቀረበችው ጎጆ ነዋ። ቆጣሪው ባሳየው ልክ፣ ጠብታ ሳይባክን። ይህን ያህል ቆጣቢ ናቸው። ታዲያ ቆጣቢነታቸው አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ እስኪጀምር አደረሰን፤ ዳገቱ መሃል ስንደርስ መኪናው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። «ሞተሩ ሞቆ ነው» አሉ። ኮፈኑን ከፍተው ለለቀስተኛው የያዝነውን የመጠጥ ውሃ አፈሰሱበት። ቀዘቀዘ። ግን አልተነሳም። አንዱ ልጅ የሞት ጀሪካንን አውርዶ ገለበጣት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። የሰርግ አበባ ነው ከሥሯ ወድቆ የተገኘው፣ የደረቀ ጽጌረዳ። አባዬ አበባ ይወድ ነበር፣ ምን ይደረግ።

እስቲ አስቢው። ጎጆ ላይ መቃብሩ ተቆፍሯል። ካህናቱ ቆመዋል፣ ዘመዱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብርድ ላይ ተኮራምቷል። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነው። እማዬ በእርጅናዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳጥኑን ቀና ብላ ታያለች፣ እጇን ዘርግታ ልትነካው አልቻለችም፣ ከፍ ብሏላ! አፈርኩ። ለሟች ማፈር እንዳለ ያን ቀን አወቅኩ። በሕይወቱ ሰው አስጠብቆ የማያውቅ ሰው፣ በሞቱ ቀን መንገድ ዳር ተገትሮ ናፍጣ ይጠብቃል?

ዋቃዮ ግን አልጣለንም። ከላይ አይሱዙ ሲወርድ አየን፣ ቦጂያ ነው፣ የጎጆ ድንች ጭኖ ወደ አምቦ የሚያመጣልኝ ሾፌር። ወርዶ አየን። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ እያስጨነቀው፣ ወደፊት ወደኋላ እያለ፣ ጭነቱን እንደያዘ አዞረው። አባዬ በራሴ ድንች ላይ ተኝቶ ጎጆ ገባ። ካህናቱ ሲያዩት አልሳቁም፣ እኔ ግን በለቅሶዬ መሃል ትንሽ ሳቅኩ፣ ኃጢአቱ የኔ። ገበሬ ነበር እኮ፤ ድንች ላይ መተኛቱን ሳይወደው አልቀረም።

እሳቸውስ? ... እሳቸው አልመጡም። ጎማው እንዳይሰረቅ ብለው ከመኪናው ጋር ቀሩ። ልክ ናቸው። አባዬ ልጅ አለው፣ ሚስት አለው፣ የሚቀብረው አያጣም። ጎማውስ? ጎማው ከሳቸው ሌላ ማን አለው? ቀብሩ ካለቀም በኋላ አልመጡም። ለማስተዛዘንም አልመጡም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ቆጥበውታል፤ ትልቅ ሰው ቃሉም እንደ ናፍጣው ነው መሰለኝ፣ ተለክቶ ነው የሚቀዳው። እሁድ ግን ድምፅ ይፈልጋሉ። ሚስታቸው በየቤቱ እየዞረች ታስመርጣለች አሉ። አሳዘነችኝ፣ በእግሯ እኮ ነው የምትዞረው። ለመኪናው ናፍጣ ጠፍቶ ይሆናል።

ይልቅ ስለ እማዬ ልንገርሽ። ደረቷ አልሻል ብሏታል። ካባዬ ጎን ለማረፍ ነው ሐሳቧ ሁሉ፤ ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር የለም። ማታ ማታ በጓዳ ሆና «ፍቅርተ፣ ጎማው ተቀየረ?» ትለኛለች። አልተቀየረም እላታለሁ። «እንግዲያው ዛሬም አልሞትም» ትልና ግድግዳውን ዞራ ትተኛለች። ሳቂ እንጂ፣ እኛ እንስቃለን። ሐኪም ያላደረገላትን እሳቸው አደረጉላት፣ በጎማ በሕይወት አቆዩልኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ትንፋሿ አጥሮ አደረና ጎማውን አልጠየቀችኝም። ጠዋት ቀና እስክትል ድረስ እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፈርቻለሁ መንበረ። መሞቷን አይደለም፣ እሱ የማይቀር ነው። ያንን ዳገት ነው የምፈራው። ቦጂያ በሁለተኛው ጊዜም በዚያ ሰዓት ያልፋል?

እኔ ደግሞ ብዙ አልፈልግም። ዳኝነቱንም ይውሰዱት፣ ቁልፉንም ይያዙት። የድሮው ጎማ ይመለስ፣ ጀሪካንዋ ትሞላ፣ በቃ። ሰውየው ጎማው ተሸጧል ይላሉ። አንድ ቀን ቤትሽ ስመጣ የዶሮ ቤትሽ ቆርቆሮ በንፋስ እንዳይነሳ አራት ጎማ ተጭኖበት አየሁ፤ እነሱ ናቸው አልልም። ጎማ ከጎማ ይመሳሰላል። ግን ዶሮዎችሽ መታደላቸው፣ ከነሱ በላይ ያለው ጣራ እንኳ የትም አይሄድም።

ተነሳሽ? ቁጭ በይ እንጂ፣ ሻይ ላስመጣልሽ ነበር። እሺ፣ ቤት ብዙ ሥራ ይኖርሻል። ይችን ድንች ያዢ፣ የጎጆ ናት፣ ለባለቤትሽ ቀቅይለት። በባዶ እጅሽማ አልሸኝሽም። እሁድ እመጣለሁ፣ እጄንም አወጣለሁ፤ ለማን እንደማወጣ ያኔ ታያለሽ። ለዚያ ለማታውቂያቸው ሰውዬ ግን፣ ድንገት መንገድ ላይ ካገኘሻቸው፣ ፍቅርተ ከልቧ መርቃዎታለች በያቸው። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው። ክብራቸውን እንደ ጎማቸው ከፍ ያድርገው። የልጅ ልጅ ያሳያቸው። ያችን መኪና፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ እስከ መጨረሻዪቱ ቀናቸው ድረስ ያቆይላቸው። የጎጆ ልጅ ናቸውና ያን ቀን እዚያው ያባዬ ጎረቤት ይሆናሉ፤ ሌላ መኪና አይንካቸው፣ እሷው ራሷ፣ እሳቸው በለኩት ናፍጣ፣ በክብር ታድርሳቸው።

አሜን በይ እንጂ እህቴ።