የጋሽ ታደሰ መሪ
መሪው የላላ መኪና ለጉዞ አልለቅም በማለቴ ከሥራ ያባረሩኝ የድሮ አለቃዬ ጋሽ ታደሰ፣ ባለፈው ሮቤ ከተማ ያለው ጋራዤ ድረስ መጡ። ከመኪናቸው ኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ጭነዋል። «ከማል፣ መሪው ትንሽ ይጫወታል፤ ቶሎ እሰርልኝ፣ ቁልቁለቱን ወደ አንገቱ ከተማ ልንወርድ ነው» አሉኝ። ከሥር ገብቼ «እስቲ ግራ ቀኝ ያዙሩት» አልኳቸው። መሪው እየዞረ ጎማው ንቅንቅ አይልም፤ መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ መገጣጠሚያ ተበልቷል።

«ካልተቀየረ አይሆንም» ስላቸው ሳቁ። «ዛሬም ያው ነህ! አጥብቀው በቃ።»

ደሜ ፈላ። «ያኔም እንዲሁ ብለው ነው ዲግሪዬን ብቻ አሸክመው ያስወጡኝ!»

«ባላባርርህ ይህን ጋራዥ ትከፍት ነበር? ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ በለኝ እንጂ!»

መፍቻውን አስቀምጬ ከሥር ወጣሁ። ልጆቹን አስወረድኩና የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ። «አሁንም አልለቅም። ከቻሉ ደግመው ያባርሩኝ!»